ሊሊያናይት፤ የአንድ ብርቅ የእርሳስና የቢስሙዝ ማዕድን ጠባይና አመዳደብ



ጋሌናን የማያውቅ የሥነ ምድር ባለሙያ የለም። ግራጫ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ከባድ ነው፤ ሲሰበር በኩብ ቅርጽ ይፈረካከሳል። ስለዚህም አንድ የእርሳስ ናሙና ብር ይዞ በተገኘ ጊዜ ብሩ ያለው በጋሌናው ውስጥ ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ዳሩ ግን ቢስሙዝ ባለበት የማዕድን ሥር ከጋሌናው ጎን እርሱኑ መስሎ የሚቀመጥ፣ ብሩን በእጅጉ የሚሸከም ሌላ ማዕድን ሊኖር ይችላል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሊሊያናይት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም የማዕድኑን ጠባይ መግለጽ፣ በምን ዘዴ እንደሚመደብ ማስረዳት፣ ከዚህም በላይ የአንድ ማዕድን ስም በምን ማስረጃ ሊጸና እንደሚገባው ማሳየት ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰልፎሶልት ትርጉም

ሊሊያናይት ሰልፎሶልት ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ስያሜ የተወረሰው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የኬሚስትሪ አስተሳሰብ ነው። በዚያን ዘመን እንዲህ ያሉት ማዕድናት በድኝ ላይ ከተመሠረቱ በግምት ብቻ ከሚታወቁ አሲዶች የተገኙ ጨዎች ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። አስተሳሰቡ ቀርቷል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ሰልፎሶልት የሚባለው በአብዛኛው አርሴኒክ፣ አንቲሞኒ ወይም ቢስሙዝ ሦስት አዎንታዊ ሙል ይዞ፣ እንደ እርሳስ፣ ብርና መዳብ ካሉ ብረቶች ጋር በድኝ የተሳሰረበት ማዕድን ነው።

የእነዚህ ማዕድናት ልዩ ጠባይ የሚመነጨው ከቢስሙዝና ከመሰሎቹ አቶሞች ነው። የቢስሙዝ አቶም ሦስት ኤሌክትሮን ከሰጠ በኋላ በትስስር የማይካፈሉ ሁለት ኤሌክትሮኖች ይቀሩታል። እነዚህ ሁለቱ በአቶሙ አንድ ወገን ቦታ ይይዛሉ። በዚህም ምክንያት ቢስሙዝ በአንድ በኩል ካሉት የድኝ አቶሞች ጋር በቅርብ፣ በሌላው በኩል ካሉት ጋር በርቀት ይተሳሰራል። የሰልፎሶልቶች መዋቅር ብዙ ዓይነት የሆነው በአመዛኙ ከዚህ የተነሣ ነው። ዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ያቋቋመው ንዑስ ኮሚቴ በ2008 ባወጣው ሰፊ ዘገባ ከ200 በላይ የሆኑትን የሰልፎሶልት ዝርያዎች በመዋቅራቸው መድቧቸዋል።

የሊሊያናይት ጠባይ

ብር የሌለበት ንጹሕ ሊሊያናይት ሦስት የእርሳስ፣ ሁለት የቢስሙዝና ስድስት የድኝ አቶሞች ቀመር አለው። ይህ ወደ ክብደት ሲለወጥ 50.5 በመቶ እርሳስ፣ 33.9 በመቶ ቢስሙዝና 15.6 በመቶ ድኝ ይሆናል። መልኩ የብረት ግራጫ፣ ፍካቱ እንደ ብረታ ብረት፣ ዱቄቱ ጥቁር ነው። በሞስ መለኪያ ጥንካሬው ከ2 እስከ 3 ስለ ሆነ ለስላሳ ከሚባሉት ይመደባል። ከመዋቅሩ በስሌት የሚገኘው እፍጋቱ ለአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 7.2 ግራም ያህል ነው። በተወለወለ ናሙና ላይ ነጭ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሆኖ ይታያል። ከጋሌና የሚለየው በተለይ ፖላራይዘሮቹ በተሻገሩ ጊዜ ነው፤ ጋሌና ናሙናው ቢዞርም እንደ ጨለመ ሲቆይ፣ ሊሊያናይት ግን እየበራና እየጨለመ ይለዋወጣል። ይህ ምልክት ጋሌና አለመሆኑን ያሳውቃል እንጂ ከሌሎቹ የእርሳስና የቢስሙዝ ሰልፎሶልቶች የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም።

ስሙ የደረሰበት ፈተና

ማዕድኑ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በሌድቪል አጠገብ ከነበረው የሊሊያን ማዕድን ማውጫ ነው። ኬለር የተባለው ኬሚስት በ1889 ሰየመው። የዘመኑ ልማድ ናሙናውን ፈጭቶ፣ በአሲድ አሟሙቶ፣ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር መመዘን ነበር። ዘዴው በእጅጉ ጥንቃቄ የተሞላበት ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረው፤ የተፈጨው ዱቄት አንድ ማዕድን ይሁን ወይም የሁለትና የሦስት ማዕድናት ድብልቅ ሚዛኑ ለይቶ አይናገርም።

ጉድለቱ የታወቀው ኤክስሬይ ለማዕድን ጥናት ከዋለ በኋላ ነው። በ1940 ቤሪ የተባለው ካናዳዊ ተመራማሪ በሊሊያናይት ስም የተያዙ ናሙናዎችን እንደ ገና መረመረ። ከዚህ በኋላ ሊሊያናይት ራሱን የቻለ ማዕድን ሳይሆን ለድብልቅ የተሰጠ ስም ነው የሚለው አስተያየት ሥር ሰደደ። ግማሽ ምእት ዓመት የቆየ ስም ከማዕድናት መዝገብ ሊፋቅ ተቃረበ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1960ዎቹ በተፈጥሮ የተገኙ ናሙናዎች በአዲስ መልክ ተጠኑ፤ በላቦራቶሪም እርሳስ፣ ቢስሙዝና ድኝ በተወሰነው መጠን ተዋሕደው ያው ቀመር ያለው ክሪስታል ተሠራ። በ1972 ጃፓናውያኑ ታካጊና ታኬኡቺ የክሪስታሉን መዋቅር አሳተሙ። የክሪስታሉ አሐድ ሦስት ጎኖች 13.535፣ 20.451 እና 4.104 አንግስትሮም ሆነው ተለኩ። ኬለር የሰጠው ስም በመጨረሻ ጸና፤ የጸናው ግን በመጀመሪያው ናሙና ሳይሆን ቅንብሩና መዋቅሩ አብረው በተረጋገጡበት ክሪስታል ነው።

የቤተሰቡ ሥርዓት

የሊሊያናይት መዋቅር የሚታነጸው ከጋሌና በተቆረጡ ንጣፎች ነው። በጋሌና ውስጥ እያንዳንዱ የእርሳስ አቶም በስድስት የድኝ አቶሞች ተከብቦ ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይሠራል። ይህ መዋቅር በተወሰነ አቅጣጫ በንጣፍ ንጣፍ ተቆርጦ፣ አንዱ ንጣፍ የሌላው የመስተዋት ምስል ሆኖ ሲገጠም ሊሊያናይት ይገኛል። በመገጣጠሚያው ገጽ ላይ ያለው የእርሳስ አቶም ከስድስቱ በተጨማሪ ሁለት የድኝ ጎረቤቶች ያገኛል። በንጣፉ ውስጥ ከአንዱ መገጣጠሚያ እስከ ሌላው በሰያፍ የሚደረደሩት ስምንት ገጾች ብዛት የተከታታዩ ቁጥር ይባላል። ለሊሊያናይት ቁጥሩ 4 ነው።

ንጣፉ ሊወፍር እንደሚችል ከዚህ መገመት አያዳግትም። በ1971 ከቼኮዝሎቫኪያ፣ ሁርኪ ከሚባል ስፍራ የተገለጸው ሄይሮቭስኪያይት ቁጥሩ 7 ነው። ስሙ የተሰጠው ፖላሮግራፊ የሚባለውን የምርመራ ዘዴ ለፈለሰፈውና በ1959 የኖቤል ሽልማት ላገኘው ለያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ መታሰቢያ ነው። የሊሊያናይትን ሁለት ጎኖች የሚመስሉ ሁለት ጎኖች አሉት፤ ሦስተኛው ግን ንጣፉ በመወፈሩ ከ20 ወደ 31 አንግስትሮም ገደማ አድጓል። ቫይኪንጋይት ደግሞ ባለ 4 እና ባለ 7 ንጣፎች እየተፈራረቁ የሚገኙበት ማዕድን ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሥርዓት ያሰባሰቡት ማኮቪትስኪና ካሩፕ ሞለር ሲሆኑ፣ ሥራቸውን በ1977 አሳተሙ። በግሪንላንድ ከሚገኘው ከኢቪግቱት የክራዮላይት ማዕድን ማውጫ የተገኙት ቫይኪንጋይትና ኤስኪሞአይት፣ ከኮሎራዶ የተገኙት ትሬዠራይትና ኡራያይት ስማቸውን ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። መመዘኛው ሁለት ነው። አንደኛው የንጣፉ ውፍረት፣ ሁለተኛው የብሩ መጠን። ሁለት ባለ ሁለት ሙል የእርሳስ አቶሞች ወጥተው በምትካቸው አንድ ባለ አንድ ሙል ብርና አንድ ባለ ሦስት ሙል ቢስሙዝ ሲገቡ የኤሌክትሪክ ሚዛኑ አይናጋም። ሊሊያናይት ይህን መተካካት እስከ መጨረሻው ሲቀበል ጉስታቫይት ይሆናል። በጉስታቫይት ቀመር ውስጥ አንድ ብር፣ አንድ እርሳስ፣ ሦስት ቢስሙዝና ስድስት ድኝ ይገኛሉ፤ ብሩም ከክብደቱ 9.5 በመቶ ይደርሳል።

ስሌቱና ወጥመዱ

የተከታታዩን ቁጥር ከኬሚካዊ ምርመራ ማስላት ይቻላል። የእርሳሱ፣ የቢስሙዙና የብሩ አቶሞች ድምር 1 እንዲሆን ይደረጋል፤ መዳብ ቢኖር ከብሩ ጋር ይቆጠራል። የቢስሙዙ ድርሻ ከእርሳሱ ግማሽ ጋር ተደምሮ ግማሽ ይቀነስለታል። 1 በዚህ ልዩነት ተካፍሎ ከውጤቱ ላይ 1 ሲቀነስ ቁጥሩ ይገኛል። ለንጹሕ ሊሊያናይት እርሳሱ 0.60፣ ቢስሙዙ 0.40 ስለ ሆነ ልዩነቱ 0.20፣ ቁጥሩም 4 ነው። ለሄይሮቭስኪያይት እርሳሱ 0.75፣ ቢስሙዙ 0.25 ነው፤ ልዩነቱ 0.125፣ ቁጥሩም 7 ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ለስሕተት የተጋለጠ ነው። በሄይሮቭስኪያይት ምርመራ ከመቶ አቶም አንዱ እርሳስ በስሕተት ቢስሙዝ ተብሎ ቢቆጠር ቁጥሩ ከ7 ወደ 6.69 ይወርዳል። በጉስታቫይት ውስጥ ያለው ብር ጨርሶ ቢዘነጋ ደግሞ 4 መሆን የሚገባው ቁጥር 1.67 ሆኖ ትርጉም ያጣል። እንዲህ ያለው ስሕተት መድረሱም እንግዳ ነገር አይደለም። በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ ምርመራ በተለምዶ ከሚለኩት ጨረሮች የድኙ በ2.31፣ የእርሳሱ በ2.35፣ የቢስሙዙ በ2.42 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይገኛሉ። ጨረሩን በኃይሉ ብቻ የሚለየው መሣሪያ ሦስቱን አደባልቆ ያያቸዋል። ስለዚህ በሞገድ ርዝመት የሚለየውን መሣሪያ መጠቀም፣ ቅንብራቸው በታወቀ ናሙናዎችም ማመሳከር ግዴታ ነው።

ኤክስሬይም ብቻውን አይበቃም። እርሳስ 82፣ ቢስሙዝ 83 ኤሌክትሮኖች ስላሏቸው ጨረሩን የሚበትኑት በእኩል መጠን ነው ለማለት ይቻላል። በመዋቅሩ ውስጥ የትኛው አቶም የት እንዳለ የሚታወቀው ከድኝ ጋር ያለው ርቀት ተለክቶ፣ የሙሉ ሚዛንም ተገናዝቦ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን ድብልቁ ነው። ከፍ ባለ ሙቀት አንድ የነበረ ብር ያለበት ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ወደ ሁለት ማዕድናት ተከፍሎ በቀጫጭን ድርብርብ ሊቀር ይችላል። ድርብርቡ ከኤሌክትሮኑ ጨረር ስፋት ካነሰ መሣሪያው አማካዩን ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ቁጥሩ 5.5 ቢወጣ ምን ማለት ነው? ባለ 4 እና ባለ 7 ንጣፍ በሥርዓት የሚፈራረቁበት ቫይኪንጋይት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሊሊያናይትና ሄይሮቭስኪያይት ተጣብቀው የሰጡት አማካይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈታው በዚያው ቅንጣት ላይ የሚደረግ የመዋቅር ምርመራ ብቻ ነው። ሊሊያናይትን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳሳተው ድብልቅ መልኩን ለውጦ እስከ ዛሬ ላቦራቶሪ ድረስ ይከተለዋል ማለት ነው።

የጉዳዩ ተግባራዊ ፋይዳ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለስም ብቻ የሚደረግ አይደለም። የእርሳስ አቅላጮች ቢስሙዝን አይወዱትም። ብርን ከእርሳስ ለመለየት በሚደረገው የዚንክ ማጣራት ቢስሙዝ ከእርሳሱ ስለማይወጣ፣ በካልሲየምና በማግኒዚየም የሚካሄድ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ ቢስሙዝ የበዛበት የማዕድን ክምችት ዋጋው ሊቀነስ ይችላል። በሌላ በኩል ብሩ በጋሌና ሳይሆን በሊሊያናይት ቤተሰብ ውስጥ ከሆነ፣ የማዕድን ማጣሪያው የትኛውን ቅንጣት ማሳደድ እንደሚገባው ይለወጣል። በናሙና መዝገብ ላይ ጋሌና ተብሎ የተጻፈ አንድ ቃል በማጣሪያው በር ብርን ከዝቃጭ ጋር ሊሸኝ ይችላል።

ስለዚህ የሊሊያናይት ታሪክ ለሙያው የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። ቅንብር ያለ መዋቅር ግማሽ ማስረጃ ነው፤ መዋቅርም ያለ ቅንብር እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ቅንጣት ላይ ካልተገናኙ፣ የተለጠፈው ስም ለጊዜው የተያዘ አደራ እንጂ የተረጋገጠ እውነት አይደለም። ሙሉ ምርመራ ለማድረግ በማይቻልበት ጊዜም ባለሙያው በመዝገቡ ላይ «የእርሳስና የቢስሙዝ ሰልፎሶልት» ብሎ ቢያቆም ለተከታዩ መርማሪ በሩን ክፍት ይተውለታል። ናሙናው በመደርደሪያ ይቆያል፤ መሣሪያው ይሻሻላል፤ በትክክል የተጻፈ መዝገብም የሁለቱን መገናኛ ቀን በትዕግሥት ይጠብቃል።