ከምስክር ወረቀቱ በኋላስ?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቋራ ወረዳ በገለጉ ከተማ በሰሊጥ አጨዳ ወራት የተገኘ ሰው ሥራ የጠፋ አይመስለውም። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋው ወጣት ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወርዳል። አጨዳው ሲያልቅ ግን ሥራውም አብሮ ያልቃል።

ታናሽ ወንድሜ የዚያው አገር ልጅ ነው። መካኒክነት ተምሮ ምስክር ወረቀት ተቀብሏል፤ ነገር ግን በትምህርቱ ዘመን ሞተር ፈትቶ የገጠመው ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ «ልምድ አለህ ወይ?» ይሉታል። ማን አለማመደው?

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሲያሠሩ፣ የአገራችን ወጣቶች አብረው እየሠሩ ሙያውን እንዲቀስሙ አድርገዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅም ተማሪዎቹን በጤና ጣቢያዎች በቡድን እያሠራ አስተምሯል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። አጨዳው አልቆ ትራክተሮች ለመጪው እርሻ በሚጠገኑበት በበጋው ወራት፣ አንድ ባለሙያ አንድ ወጣት ከጎኑ ያሠራ። ባለጋራዡ «ጊዜዬን ያባክንብኛል» ቢል እውነት አለው፤ ስለዚህ ከመዋጮአችን ጥቂት አበል እንክፈለው። እኛም በዕረፍታችን እየሄድን ወጣቱን እንጠይቀው፤ ማመልከቻ መጻፍና ሒሳብ መያዝ እናስተምረው።

ወንድሜ ዘንድሮም ማጭዱን ስሏል። በማጭዱ አያፍርም፤ የሚቆጨው ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው ወረቀት ነው።