ተገጣጣሚ የስፖርት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ምን ያስፈልገዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በእጅ ሥራ ክበብ ስም የተነገረ ንግግር)



ለዚህ በዓል ንግግር ስናዘጋጅ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ትጋት እንድንናገር የመከሩን ብዙዎች ነበሩ። ምክራቸውን አልናቅነውም። ዳሩ ግን የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችን ከአንድ መጽሔት ቆርጠው በክበባችን ግድግዳ ላይ የለጠፉትን የአንዲት ትንሽ የስፖርት መኪና ሥዕል እያሳዩ፣ «ይህችን የመሰለች መኪና ገጣጥሞ ለመጨረስ ለጀማሪ ሰው ምን ያስፈልገዋል? እኛስ እንችላለን ወይ?» ብለው ስለ ጠየቁን፣ መልሱን በሁላችሁም ፊት ለመስጠት ወደድን። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን፤ የክበቡም ቁልፍ ለእነርሱ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛ የዋዛ አይደለም።

በሥዕሉ ላይ ያለችው መኪና ሎተስ ሰቨን ትባላለች። ኮሊን ቻፕማን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ያቋቋመው የሎተስ ኩባንያ በ1957 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣት ናት። (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1973 የመሥራቱ መብት ካተራም ለተባለው ኩባንያ ተላለፈ፤ ይኸውም ኩባንያ ቅርጿን ብዙ ሳይለውጥ እስከ ዛሬ ድረስ ይሸጣታል። ሻንሲዋ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ተበይዶ እንደ ወፍ ጎጆ የተያያዘ ነው፤ ላዩን የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ያለብሱታል። መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው። ርዝመቷ ከሦስት ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ክብደቷም ብዙውን ጊዜ ከ600 ኪሎ በታች ነው። በዚህ ምክንያት ትንሽ ሞተር እንኳ እንደ ፈረስ ያስጋልባታል።

ይህች መኪና ለምን በክፍልፋይ ትሸጥ እንደ ነበር የሚነገረው ታሪክ እኛን በጣም አስቆናል፤ በኋላም አሳፍሮናል። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ተሠርታ ያለቀች መኪና የሚገዛ ሰው ከዋጋዋ በላይ ከባድ የግዢ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ክፍልፋዩን ገዝቶ ራሱ የሚገጣጥም ግን ከዚህ ቀረጥ ነጻ ነበር። ሆኖም ሻጩ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ደንቡ ይከለክላል። እንግዲህ ቻፕማን ዘዴ ፈጠረ ይባላል፤ መኪናይቱ እንዴት እንደምትፈታ የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጅቶ ለገዢው ሰጠው። ገዢውም መመሪያውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይገጣጥም ነበር። በ1973 የግዢው ቀረጥ ቀርቶ ሌላ ዓይነት ቀረጥ ስለ ተተካ የዚህ ብልሃት ጥቅም አበቃ። ሰዎች ግን ዛሬም ይገጣጥማሉ፤ ገንዘብ ለማትረፍ ሳይሆን «እኔ ሠራኋት» ለማለት ነው።

ያሳፈረን ምንድን ነው? ባለፈው ዓመት እኛ አራት የክበቡ አባሎች የአትክልቱን ውሃ መሳቢያ ሞተር ለማጽዳት ብለን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈታነው። መፍታቱ ሦስት ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ ጉርኒሲዮኑን፣ ሁሉንም በአንድ ሳፋ ነጭ ጋዝ ውስጥ ጨመርነው። የትኛው ከየት እንደ ወጣ የጻፈ አልነበረም። ሰኞ ሲነጋ ሞተሩ ሞተር መሆኑ ቀርቶ የብረት ክምር ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የ7ኛ ክፍል ልጆች ውሃ ከወንዝ በባልዲ አመላለሱ፤ ጎመኑም ግማሹ ደረቀ። በጊዜው የተከሰሰው ሞተሩ «አሮጌ ነው» ተብሎ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ለዚያ ለተሸከሙት ልጆች ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ስለ ስፖርት መኪና ያነበብነውን ሁሉ ያነበብነው በዚህ ዓይን ነው። የቻፕማን ገዢዎች የመፍቻውን መመሪያ ወደ ኋላ አንብበው መግጠም የቻሉት አንድ ሰው ተራውን አስቀድሞ ስለ ጻፈላቸው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ለጀማሪ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቁልፍም መዶሻም አይደለም፤ ቦታና ጊዜ ነው። መኪናይቱ ትንሽ ናት ብለናል፤ ወርዷ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በዙሪያዋ ጎንበስ ብሎ እንዲሠራ በየጎኑ አንድ አንድ ሜትር ቢተውለት፣ አምስት ሜትር በሦስት ተኩል የሆነ ቤት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቤቱ የሚቆለፍ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ መብራት ያለው መሆን አለበት። የሳጥኖቹን ቦታ ገና አልቆጠርንም። ጊዜውን ደግሞ እናስላ። ክፍልፋዩ ተሟልቶ ለሚመጣው ለካተራም መኪና መቶ ሰዓት ያህል ይበቃል ይባላል። በየቅዳሜው አራት አራት ሰዓት የሚሠራ ሰው ሃያ አምስት ቅዳሜ፣ ማለት ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል። ይህም ቅዳሜ ሳያጓድል፣ ሳይታመም፣ ሠርግ ሳይጠራ ነው! እኛ ብንጠየቅ ሁለት እጥፍ አድርጎ ይያዝ እንላለን።

ከዚህ በርካሽ የሚሠራበት መንገድም አለ። ሮን ቻምፒዮን የተባለ እንግሊዛዊ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ የስፖርት መኪና በ250 ፓውንድ ብቻ መሥራት እንደሚቻል አስታወቀ። ሠራተኛው ሻንሲውን ከ25 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ቱቦ ራሱ ቆርጦ ይበይዳል፤ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የኋላውን አክስል ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ይነቅላል። መጽሐፉ ብዙ ሰው አነሣሥቷል። ብየዳ ለማያውቅ ጀማሪ ግን ይህን አንመክርም፤ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ሕይወቱን ያሳረፈበት ብየዳ የመለማመጃ ብየዳ ሊሆን አይገባውም።

ሳጥኖቹ ሲመጡ ጀማሪው ወዲያው መግጠም ያምረዋል። እንዳይጀምር! አስቀድሞ ዝርዝሩን ይዞ እያንዳንዱን ዕቃ ይቁጠር፤ የጎደለውን ለሻጩ ያስታውቅ፤ ብሎኖቹን በየከረጢታቸው እንዳሉ ስም ጽፎባቸው በመደርደሪያ ላይ ያኑራቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ስለ እኛ ሳፋ የተነገረ ይመስለናል።

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አንፈልግም፤ የቁልፍ፣ የካቻቪቴ፣ የፒንሳና የክሪክ አስፈላጊነት ለማንም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ግን እንጠቁማለን። አንደኛው፣ እንዲህ ባለች መኪና ላይ የሚሊሜትርም የኢንችም ብሎን ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ብሎን ላይ 13 ቁጥር ቁልፍ ቢገባበት የገጠመ ይመስላል፤ ጠንክሮ የታሰረ ሲሆን ግን ይንሸራተትና የብሎኑን ማዕዘን ያከብበዋል። ከዚያ በኋላ በመጋዝ ካልሆነ አይወጣም። በዚያች በ0.3 ሚሊሜትር ምክንያት ስንት ሰው እጁን እንደ ላጠ እግዚአብሔር ይወቅ። ሁለተኛው፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ ሬንች የሚባለው ቁልፍ ነው። እኛ ጎበዝ መካኒክ በእጁ ያውቀዋል ስንል ኖረናል፤ ምናልባት ሠላሳ ዓመት የሠራ ያውቀው ይሆናል። ጀማሪ ግን ወይ አላልቶ ይተወዋል ወይም ብሎኑን ይበጥሰዋል። በመመሪያው በተጻፈው ልክ ያጠበቀውን እያንዳንዱን ብሎን በቀለም ምልክት ያድርግበት፤ በሳምንቱ ሲመለስ የቱን እንደ ጨረሰ አያስታውስምና።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች በመጋጠሚያቸው ውስጥ ላስቲክ አለባቸው። መኪናይቱ በመቆሚያ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች እነዚህን ብሎኖች እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ስሕተት ነው። ወደ መሬት ስትወርድ ክንዶቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ላስቲኩም ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በልኩ አስገብቶ መተው፣ መኪናይቱ በአራት ጎማዋ ስትቆም ማጥበቅ ነው። «ለጊዜው ላልቶ ይቆይ» የተባለው ግን እንዳይረሳ፣ ያ ዝርዝር በግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ሞተሩ የሚገባበት ቀን የዓመት በዓል ያህል ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ውጭ ተጋጥመው በፓራንኮ ይነሣሉ፤ የካምቢዮው ጅራት ወደ ታች አዘንብሎ በመሐሉ መተላለፊያ እየገባ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ይህን ብቻውን የሚሠራ ሰው ጀግና ሳይሆን ሞኝ ነው። አንዱ ሰንሰለቱን ይይዛል፣ አንዱ ሞተሩን ይመራል፣ ሦስተኛው ከሥር ያያል። የሻንሲው ቱቦ ቀለሙ እንዳይላጥ አስቀድሞ በካርቶን ይሸፈናል። ጣት በሞተርና በቱቦ መካከል የሚያስገባ ሰው ግን በዚያ ቀን ከሥራው ቢርቅ ይሻላል።

የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚያቃጥል ብዙዎች የሚማሩት ካፈሰሱ በኋላ ነው። የፈሰሰ እንደ ሆነ ሳይዘገይ በውሃ ይታጠብ። ክዳኑም ተከፍቶ አይደር፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባልና። በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ለማስወጣት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከፍሬኑ ዋና ፖምፕ በጣም ከራቀው ጎማ ነው። እዚህም ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንዱ ቪቴውን ይከፍታል ይዘጋል። ሞተሩንም መጀመሪያ ሲያስነሡ በችኰላ እሳት አይሰጡትም። ካንዴላዎቹን አውጥቶ፣ ቤንዚኑን ዘግቶ፣ የዘይቱ መለኪያ ግፊት እስኪያሳይ ድረስ በባትሪ ማዞር ይገባል። ደረቅ ኩሽኔታ በጥቂት ሰኮንድ ሊበላሽ ይችላል፤ የግማሽ ዓመት ቅዳሜም አብሮት ይሄዳል።

እስከዚህ የደረሰ ሰው የጨረሰ ይመስለዋል። ብዙዎች የሚያቋርጡት ግን ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ይመስለናል። የቀረው ሥራ የማያስደስት ነው፤ ሽቦ በየመብራቱ ማድረስ፣ በክሩስኮት ጀርባ ተጎንብሶ ቀለም ከቀለም ጋር ማገናኘት፣ መከላከያውን ከመብሳት በፊት አሥር ጊዜ መለካት። ይህ ሁሉ ለጎብኚ አይታይም። በእንግሊዝ አገር «ጥቂት የቀራት» እየተባሉ ለሽያጭ የሚወጡት ያላለቁ መኪናዎች ባለቤቶች አብዛኛዎቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ገንዘባቸውን ሁሉ በዋናው ክፍልፋይ ላይ አውለው ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለመድንና ለምርመራ ያላስቀሩ ናቸው፤ ወይም በቤታቸው ውስጥ ማንንም ሳያማክሩ የጀመሩ ናቸው።

ምርመራውም ቀላል አይደለም። ከ2009 ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ በግል የተሠራች መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቷ በፊት እያንዳንዷ በመንግሥት መርማሪ ትታያለች። ፍሬኗ፣ መብራቷ፣ የማርሚታዋ ድምፅና ጭስ፣ የፍጥነት መለኪያዋ ትክክለኛነት ይፈተናል። ሌላው ቀርቶ እግረኛን ሊነካ የሚችል ውጫዊ ጠርዝ ሹል እንዳይሆን ክቡ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር እንዲሆን ይጠየቃል። ለዚህ ሲባል ሠራተኞች የብሎን ጫፍ ሁሉ በፕላስቲክ ቆብ ይሸፍናሉ። አንዳንዶች ይህን ቢያማርሩም፣ እኛ ከመርማሪው ጋር ነን፤ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው መኪናይቱን እንድትሠራ አልጠየቀምና።

እንግዲህ የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችን፣ እንችላለን ወይ ላላችሁን፤ በእጅ ችሎታ ከሆነ ትችላላችሁ፣ እንዲያውም ከእኛ ትበልጣላችሁ። ዛሬ ግን የሚቆለፍ ቤት የላችሁም፤ ቶርክ ሬንች የላችሁም፤ ገንዘቡም የለም። ያላችሁ ያው የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። በሚመጣው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ውሃ በማያስፈልግበት ጊዜ፣ ሌላ ሰው ጽፎ ባልሰጣችሁ መመሪያ ፈንታ ራሳችሁ እየጻፋችሁ ፍቱት፤ መልሳችሁም ግጠሙት። ደብተሩን ለ10ኛ ክፍል ልጆች ስጧቸውና እነርሱ ያለ እናንተ እርዳታ በእርሱ ብቻ ይፍቱት ይግጠሙት። ያ ከሆነ በኋላ ስለ ሎተስ ደብዳቤ ጻፉልን፤ የት እንደምንሆን ባናውቅም ይደርሰናል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተሩ የተነሣው አንድ አዛውንት መካኒክ ከከተማ መጥተው እያንዳንዱን ዕቃ በእጃቸው እያዞሩ ስላስረዱን ነው። ሁሉ ከገጠመ በኋላ አንዲት ዳዶ ተረፈች። እርሳቸው ፈገግ ብለው «ይህችንስ አላውቃትም» አሉን። ሞተሩ እነሆ ዓመት ሙሉ ውሃ ይስባል፤ ዳዶዋም እስከ ዛሬ በኪሳችን ናት። አሁን በዚህ ጠረጴዛ ላይ እናኖራታለን። ቦታዋን ያገኘ ሰው እንዲነግረን እንለምናለን።