«ደህና ነኝ» ብላችሁ አትቅሩ
(በራስ ዲካ ለእናቶች ከተደረገ ንግግር)



አብዛኞቻችን ከገጠር የመጣን ነን። በአገራችን ነፍሰ ጡር ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፤ ምጥ እስኪይዛት «ደህና ነኝ» ትላለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የደም ግፊት ሲጀምር አያምም። ኃይለኛው ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታው፣ የፊትና የእጅ እብጠቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ከዚያም እናቲቱ ራሷን ስታ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ይህን ዛር ነው፣ ቡዳ ነው እያሉ ቤት ማቆየት ሕይወት ያጠፋል። ግፊቱን ለመለካት እኮ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል!

ስለዚህ ሦስት ወር ሳይሞላችሁ ክትትል ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ አራት ጊዜ ይል የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ስምንት ከፍ አድርጎታል። ደማችሁና ሽንታችሁ ይመርመር፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ውሰዱ። ለደም ማነስ የሚሰጠውን ኪኒን «ሰገራዬን አጠቆረው» ብላችሁ አትጣሉት፤ ጠባዩ ነው፣ አይጎዳም።

በስደተኛነታችን እንመለሳለን ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል። የስደተኛ ወረቀታችሁንና የክትትል ካርዳችሁን ያዙ፤ ቋንቋ ካስቸገራችሁ የምታስተረጉም ጎረቤት አስከትሉ። «ምን ልታደርጉልኝ ነው?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ባሎችም (ከኋላ የቆማችሁትን አይቻለሁ) የመኪናውን ገንዘብ ከወዲሁ አስቀምጡ። ደም ከፈሰሳት ወይም ፅንሱ መንቀሳቀስ ካቆመ፣ ሳይነጋ ውሰዷት።