ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያለቀሰው ልቅሶ



በ2ኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ1ኛው ምዕራፍ ከቁጥር 17 ጀምሮ የተጻፈው የዳዊት ልቅሶ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ በጌልቦዓ ተራራ ስለ ወደቁት ስለ ሳኦልና ስለ ልጁ ስለ ዮናታን የተገጠመ ነው። ይህ ልቅሶ በተናገረው ብቻ ሳይሆን ባልተናገረውም ይመረመራል።

ሳኦል ለዳዊት አማቱ ነበረ፤ ልጁን ሜልኮልን ድሮለታልና። ዳሩ ግን በገና ሲደረድርለት ጦር የወረወረበት፥ በየበረሃውና በየዋሻው ያሳደደው ይኸው አማቱ ነው። በግጥሙ ውስጥ ጦሩም ዋሻውም አይገኝም። መንግሥቱ ወደ ዳዊት የሚያልፍበት ሰዓት ደርሶ ሳለ ስለ ዙፋን አንድ ቃል የለም። ከሁሉም የሚያስደንቀው፥ መዝሙረኛው በዚህ ግጥም የእግዚአብሔርን ስም አንድ ጊዜ ስንኳ አለመጥራቱ ነው። ይህ ከእምነት ማነስ የመጣ አይደለም፤ ትኩስ ኀዘን ጸሎት እስኪሆን ድረስ ጊዜ ይፈልጋል።

በኢትዮጵያ የቀድሞ የልቅሶ ሥርዓት የሟቹ ፈረስ፥ ጋሻውና ጦሩ ወደ ልቅሶው አደባባይ ይወጣ ነበር፤ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላት ነበር። ዳዊትም የሚያነሣው ቀስትን፥ ሰይፍን፥ ጋሻን ነው። (ይህን ሥርዓት ያየ ሽማግሌ ግጥሙን ከብዙ ተርጓሚ ይልቅ ፈጥኖ ያስተውለዋል።) ስለ ሰውየው መናገር ያቃተው ልብ በመሣሪያው ይናገራል።

ለሳኦል እንዲያለቅሱ የሚያዝዘው የእስራኤልን ሴቶች ልጆች ነው፤ ይኸውም ሳኦል ያለበሳቸውን ቀይ ልብስና የወርቅ ጌጥ እያስታወሰ ነው። ራሱን ግን ከለቀስተኞቹ መካከል አይቆጥርም። ስለ ገዛ ኀዘኑ የሚናገረው በቁጥር 26 ብቻ ነው፤ ያውም ለዮናታን። ዮናታንን በወንድም ስም ይጠራዋል፤ ሳኦልን ግን በአባት ስም አልጠራውም። ቀድሞ በዓይንጋዲ፥ ከዋሻው ወጥቶ፥ አባቴ ብሎት ነበረና ይህ ዝምታ ትልቅ ነው።

ከግጥሙ ውጭ የቀረ ሌላም አለ። አያቱና አባቱ በአንድ ቀን ሲሞቱ የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ 5 ዓመቱ ነበረ። ወሬው በመጣ ጊዜ ሞግዚቱ አንሥታው ስትሸሽ ወደቀና ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። ለዚህ ሕፃን ልቅሶ የገጠመለት የለም። ዳዊት ከነገሠ በኋላ ግን ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ጠይቆ ከሎዶባር አስመጣው፤ የአያቱን የሳኦልን እርሻ ሁሉ መለሰለት፥ ዘወትርም ከማዕዱ እንዲበላ አዘዘ። ይህን ያደረገው ስለ ዮናታን መሆኑን መጽሐፉ ይመሰክራል። ስለ ሳኦል ግን በልቡ የቀረውን ዳዊት በዚያም ቀን አልተናገረም፤ ሽባውን የልጅ ልጅ እንደ ንጉሥ ልጆች በገበታው አስቀመጠ እንጂ።