ደኑን የሚያዳምጥ ስልክ
(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደን ሌቦች ነው። የደን ሌባ ድምፁን አጥፍቶ አይሠራም፤ የሞተር መጋዙ ይጮሃል። ታዲያ ጠባቂው እንዴት አይሰማም? ትሉ ይሆናል። ጫካውም ዝም አይልማ! ወፉ፣ ነፍሳቱ፣ ዝንጀሮው ሁሉም ይንጫጫል።

ቶፈር ኋይት የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ኢንዶኔዥያ ሄዶ ያየው ይኸንኑ ነበር። በቦርንዮ ደሴት ከጥበቃው ጣቢያ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ዛፍ ሲቆረጥ የሰማ አልነበረም። የስልክ መስመር ግን እዚያ ይሠራል። ስለዚህ ሰው የጣለውን አሮጌ የእጅ ስልክ ወስዶ፣ ድምፅ መቀበያና ከፀሐይ ኃይል የሚያገኝ መሣሪያ ገጥሞ፣ ረጅም ዛፍ ላይ መስቀል አሰበ። ስልኩ የሰማውን ወደ ኮምፒዩተር ይልካል፤ ኮምፒዩተሩ የመጋዙን ድምፅ ለይቶ ለጠባቂዎች ያስታውቃል። አንዱ ስልክ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ መጋዝ ይሰማል።

በ2013 በሱማትራ ደሴት ሲሞከር ብዙም ሳይቆይ መልእክት መጣ፤ ሰዎቹም ሮጠው ቆራጮቹን እጅ ከፍንጅ ደረሱባቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስልኩ ሰማ እንጂ አልሮጠም። መሣሪያው የሰጠው ጊዜ ነው። ጠባቂው ጉቶ ከመቁጠር ድኖ ዛፉ ሳይወድቅ እንዲደርስ ነው። ጠባቂው ደመወዝ ካላገኘ፣ ጫማ ከሌለው፣ ስልኩ የደኑን መጥፋት እያዳመጠ ይቀመጣል። ስለ መሣሪያ ስናወራ የሚሮጠውን ሰው አንርሳ።