ስለ መልካም ቀን፤ ለደባርቅና ለዳባት ተማሪዎች የተነገረ

ተማሪዎች ሆይ፤ የነገሥታት ቀን በታሪክ ጸሐፊ እጅ ይጻፋል፤ የአባትና የእናት ቤት ቀን ግን ጸሐፊ የለውምና በውስጡ የነበረው ሰው ካልያዘው ይጠፋል። የዛሬው ነገር ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ቀን ነው።

አስቀድሞ ግን ከነገሥታቱ ቀን አንዱ ይታይ። ደጃዝማች ውቤ በስሜን የደረስጌን ማርያም አሠርተው ሊነግሡባት አስበው ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ በዚያው በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸው፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ በብዙ ድካም ያሰናዱት ቀን ለሌላ ሰው ሆነ።

የባላገር መልካም ቀን ከዚህ ይልቅ የታመነ ነው፤ ለዚህም የጽዋ ማኅበር ምስክር ይሆናል። ጎረቤትና ዘመድ ወዳጅም ተሰብስበው፥ በወር በወሩ በ12 በሚካኤል፥ ወይም በ21 በማርያም፥ ወይም በ27 በመድኃኔ ዓለም ስም ይጠጣሉ። ማኅበርተኞቹ 12 ቢሆኑ ተራው ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ ድኻም ቢሆን በዓመት አንድ ቀን እንግዳ ተቀባይ ጌታ ይሆናል።

የባለተራው ሚስት ግን ቀኑ ሳይደርስ ብዙ ትደክማለች። ጌሾ ከገበያ ገዝታ ትወቅጣለች፤ ብቅል አብቅላ ትጠነስሳለች፤ ገብሱን ቆልታ ፈጭታ እንኩሮውን ታነኩራለች፤ ጠላው እስኪደርስም እንቅልፍ የላትም። በማኅበሩ መጨረሻ የሚመረቀው ብዙውን ጊዜ ባልየው ነው፤ ይህስ ፍርድ የጎደለው ነው።

ቀኑ ደርሶ ካህኑ ዳቦውንና ጽዋውን ከባረከ በኋላ፥ ሁሉም በየማዕርጉ እሳቱን ከቦ ይቀመጣል፤ የደባርቅ ብርድ በክረምትም በበጋም የታወቀ ነውና ከእሳት የሚርቅ የለም። የማኅበሩ ሙሴ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ የታመመውን ይጠይቃል፤ በሬ ለሞተበትም ምን እንደሚደረግ ይመክራል። ሽማግሌው የአባቱን ነገር ሲያወራ ሴቶቹ ይስቃሉ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሕፃን ማስታጠቢያ ይዞ ለማኅበርተኛው እጅ ያስታጥባል። እርሱ ግን እግሩ ደክሞት፥ «ይህ ወሬ መቼ ያልቃል?» እያለ ያዛጋል፤ ልቡም ከውጭ ከሚጫወቱት ልጆች ዘንድ ነው።

የዚያ ሕፃን ነገር ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። እንዲህ ያለ ኀዘን በገባበት ቤት፥ ባለፈው ወር አብሮ የተጠጣበት ቀን ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። የቀረው ሰው አባቱ የት እንደ ተቀመጠ፥ ምን ብሎ እንደ መረቀ፥ በማን ቀልድ እንደ ሳቀ ለማስታወስ ይጥራል። ያን ቀን ያዛጋ ልጅ ግን ከነገሩ እኩሌታውን አልሰማም።

የቀድሞ አባቶች ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ኖሩ፤ የዛሬ ተማሪ ደግሞ ደብተር አለው። ማኅበር ወይም ሠርግ ወይም ዓመት በዓል በዋለ ማግሥት፥ ቀኑንና ወሩን ዓመተ ምሕረቱንም በላይ ጽፎ፥ ማን እንደ መጣ፥ ማን ከማን እንደ ታረቀ፥ አያቱ ምን እንዳወሩ ከሥሩ ቢያኖር አንድ ገጽ ይበቃዋል። ጠላውን ማን እንደ ጠመቀም መጻፍ አይርሳ።

ማኅበርተኛ ሲሞት ልጁ በአባቱ እግር ተተክቶ መግባቱ በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። አዲሱ ማኅበርተኛ በዚያ ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣል፤ እጁንም የሚያስታጥበው ሌላ ሕፃን ይሆናል። ከዚያ ማኅበሩ ሊበተን ሲል ለሚመጣው ወር ባለተራ የሆነው ሰው ተነሥቶ ጽዋውን ይረከባል፤ ጧፍ ከፊቱ እየበራለት፥ ጎረቤቱም እየሸኘው፥ በጨለማው መንገድ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።