ኮምፒውተሩ ሲያስጠነቅቅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት የእድራችን መዝገብ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኮምፒውተር መያዝ ጀምሯል። ወርኃዊ መዋጮውን ማን እንደ ከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት፣ የየቤቱ ቤተሰብ ስም፣ ድንኳኑና ወንበሩ ለማን እንደ ወጣ፣ ሁሉም እዚያው ነው ያለው። ከዚህም ሌላ በብዙዎቻችን ቤት ልጆች የሚማሩበት፣ ወይ ከውጭ አገር የተላከ፣ ወይ ያገለገለ ሆኖ ከመርካቶ የተገዛ ኮምፒውተር አለ። ስለዚህም ዳኛው በዚህ ጉዳይ ጥቂት እንድንናገር ባዘዙን ጊዜ፣ ትምህርታችን የአንደኛ ደረጃ ቢሆንም፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ሰዎች ስለሆንን በመዝገብ ቤት ቋንቋ ለማስረዳት ተስማማን። ኢንጂነር ያለበት ቤት ይታገሠን።

የምንናገረው ስለ ቫይረስ ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ ማስጠንቀቂያ ነው። ቫይረስ ስንል ራሱን የሚያባዛውንም፣ የሚሰልለውንም፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውንም ማለታችን ነው፤ ባለሙያዎች በየስሙ ይለያዩታል፣ ለእኛ ግን ሁሉም ተንኮለኛ ፕሮግራም ነው። ታዲያ ይህ ተንኮለኛ ብዙውን ጊዜ በር ሰብሮ አይደለም የሚገባው። ኮምፒውተሩ «ይህን ላስገባው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኛ «አዎ» እንለዋለን። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ትልልቆቹ አንረዳውም፤ ልጁ ደግሞ ጨዋታው ስለቸኮለበት ሳያነብ ይጫነዋል። የእድራችን ጥሩምባ በሌሊት ሲነፋ «ማን ሞተ?» ሳይል መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ እንዴ? የኮምፒውተሩን ጥሩምባ ግን ማን እንደ ሞተ ሳንሰማ ነው የምንዘጋው። እንግሊዝኛው ካስቸገረ የዊንዶውስን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መለወጥ ይቻላል፤ ያም ባይሆን የመጣውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሚያነብ ሰው ማሳየት አያቅትም።

ከቀላሉ እንጀምር። ኢንተርኔት ሲከፈት በየገጹ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ እየመጣ የተቸገሩ ቤቶች አሉ። ቫይረስ ነው ተብሎ የጥገና ገንዘብ የተከፈለበትም አለ። ነገሩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ባንክም ሆነ ሌላ ድርጅት በኢንተርኔት ሲቀርብ ማንነቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ያሳያል፤ በወረቀቱም ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል አለበት። ኮምፒውተሩ እንደ ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያን ቀን ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። አንዳንዶቻችን ደግሞ የኮምፒውተሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር አስተካክለነዋል፤ ለምሳሌ 2018 ብለን። አገር ወዳድነቱ መልካም ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን የእኛን ዘመን አቆጣጠር አልተማረም፣ 2018 ሲባል የፈረንጁ ይመስለዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀርብለት ወረቀት ሁሉ ገና ቀኑ ያልደረሰ ይሆንበታል። እኛም ብንሆን የዛሬ ስምንት ዓመት የሚጻፍ ቀን ያለበት ደብዳቤ ዛሬ ቢመጣልን አንመልሰውም?

የቀኑን ነገር ማንም ሳይነካውም ሊመጣ ይችላል። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምትቆጥር እሷ ናት። ስታልቅ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮው ይመለሳል። እንግዲህ ይህ ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ጠጋኝ ከመጥራት በፊት ቀኑን አይቶ በፈረንጁ አቆጣጠር ማስተካከል ነው። ቀኑ ትክክል ሆኖ ሳለ በባንክ ገጽ ላይ ከመጣ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ «ግድ የለም፣ ቀጥል» ማለት በሐሰተኛ ማኅተም ክፍያ እንደ መፈጸም ይቆጠራል።

ሌላው «ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ያንን ፕሮግራም እናንተ ራሳችሁ ካልከፈታችሁት መልሱ አይደለም ነው። ለልጆች የራሳቸው መግቢያ ቢከፈትላቸውና የመፍቀዱ ሥልጣን በወላጅ የይለፍ ቃል ቢያዝ ብዙ ጣጣ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ሐሰተኛው ጥሩምባ እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ ሳላችሁ መስኮቱን የሞላ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይጮኻል፤ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ አሁኑኑ ይህን ይጫኑ፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። አንድ የኢንተርኔት ገጽ በእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ቫይረስ መርምሮ ሊያውቅ አይችልም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው በግንቡ በኩል ሆኖ «ድስትዎ አርሯል» እንደሚል ያለ ነው። እውነተኛው ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ ያስቆማል፣ ሐሰተኛው ያስቸኩላል። እንዲህ ያለ ሲመጣ በውስጡ ያለውን ምንም ነገር፣ «ዝጋ» የሚለውንም ቢሆን፣ ሳይነኩ አልት እና ኤፍ 4 የሚሉትን ቁልፎች አብሮ መጫን ነው። እምቢ ካለም ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይቻላል።

ይህ ተንኮል ለተራ ሰው ብቻ የተሠራ አይደለም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ይኖሩ ለነበሩትና በዚያን ጊዜ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ለነበሩት ለአቶ ጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ተላከላቸው። ኢሜይሉ የቪዲዮ ገጽ አድራሻ ይዟል። ገጹ ሲከፈት ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም አድሱ ይላል። እሳቸውም ኢሜይሉን በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ ለሚባለው የጥናት ክፍል አስተላለፉት። እድሳት የተባለው ሲመረመር ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተሠራ የስለላ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ፣ በልዩ ልዩ አገር ላሉ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም እንዲህ ያለው እንደ ተላከ፣ የላኪዎቹም ዱካ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት አካላት እንደሚያመራ ገለጸ። ስለ ፖለቲካው እዚህ አንነጋገርም፤ እድር ነን። ለእኛ የሚጠቅመን የአድራሻው ነገር ነው። ኢስትአፍሮ የሚባል የታወቀ የቪዲዮ ገጽ ነበረ፤ አታላዮቹ ስሙን እንዳለ ወስደው መጨረሻው ላይ ነጥብ ኮም የነበረውን ነጥብ ኔት አደረጉት። የራሱና የአባቱ ስም ትክክል ሆኖ የአያቱ ስም የተለወጠ ደረሰኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ደረሰኝ ገንዘብ ያዣችን ይቀበላሉ? አይቀበሉም። አድራሻንም እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ ነው። ያ አዶቤ ፍላሽም ቢሆን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በባለቤቱ ኩባንያ ተዘግቷል፤ ዛሬ «ፍላሽ አድሱ» የሚል ቢመጣ ሳትጠራጠሩ ሐሰተኛ በሉት።

«እንግዲያው አድሱም ስትሉን፣ አታድሱም ስትሉን፣ የቱን እንያዝ?» ትሉ ይሆናል። እድሳት ያስፈልጋል። ነገር ግን ከገጽ ላይ ወይም ከኢሜይል የመጣውን ሳይሆን፣ እናንተው ወደ ኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገብታችሁ የምትጠይቁትን ነው። የውኃ ሒሳብ በር ድረስ መጥቶ ለጠየቀ ለማያውቁት ሰው አይከፈልም፤ ራስ ሄዶ ነው የሚከፈለው።

በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ ደግሞ፣ ስሙ ይመሳሰል እንጂ፣ ከዚያኛው ጋር ዝምድና የለውም። ለቅሶ ሲደርስ፣ አርባው ወይም ሙት ዓመቱ ሲመጣ፣ የሟች ፎቶግራፍ እንዲታተም ፍላሹ ወደ ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ይላካል። እዚያ ቤት በአንድ ቀን ስንት ፍላሽ ይሰካል! በ2001 ዓ.ም. ዓለምን ያስጨነቀው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከመተላለፊያ መንገዶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ፍላሹ ቤት ተመልሶ ሲከፈት ፎቶግራፎቹ የሉም፤ ወይም በየስማቸው ምትክ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ተደርድረዋል። ያኔ ብዙ ሰው «ባዶ ሆኗል፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን በአንዱ ቤት የሆነው ይኸው ነው። የእናታቸው ፎቶግራፎች ያሉበት ፍላሽ ፎርማት ተደርጎ፣ ለሙት ዓመቱ የተገኘው ከመታወቂያ ላይ የተነሣው ጉርድ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ቫይረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። አቋራጩን ሳይከፍቱ መጀመሪያ በቫይረስ መከላከያ ማስመርመር፣ ቀጥሎም «የተደበቁትን አሳይ» የሚለውን መምረጥ ነው። ያ ካልበቃ የሚያውቅ ሰው በትእዛዝ ያወጣቸዋል። ፎርማት የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ብትሰሙ፣ ጠጋኝም ቢሆን፣ «ፎቶግራፎቹ ሌላ ቦታ ተገልብጠዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለኅትመት ቤትም የሚታተመውን አንዱን ፎቶ ብቻ በሌላ ፍላሽ ወይም በቴሌግራም መላክ ይሻላል። አውቆ ጎጂ ፕሮግራም የሚያሰራጭ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ይጠየቃል፤ ሳያውቅ በፍላሽ የሚያዞረውን ግን እኛው ነን የምንጠብቀው።

መርካቶ ጎረቤታችን ነው፣ የማይገኝበት ነገር የለም። የተሰበረ ቁልፍ ያለው፣ ክራክ የሚሉት ፕሮግራምም ይገኝበታል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ አንፈርድም፤ በዶላር ግዙ ብንላችሁ እኛም አንገዛውም። ነገር ግን ክራኩን የሚጭነው ሰው ብዙ ጊዜ በቅድሚያ መከላከያውን ያጠፋል፤ ዘበኛውን አስተኝቶ ዕቃ እንደ ማስገባት ነው። መከላከያ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባል አብሮ ይመጣል፣ ክፍያ የለውም። በታችኛው ጥግ የጋሻ ምልክት አለ፤ አረንጓዴ ከሆነ ደኅና ነው፣ ቀይ ከሆነ ተከፍቶ ይነበብ። ሁለት መከላከያ አንድ ላይ መጫን ግን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። ዊንዶውስ 10 ያላችሁም ብዙ ናችሁ፤ የእሱ መደበኛ የእድሳት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደሚቀጥለው ቢሸጋገር ይመረጣል።

እድሳት የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል፣ ለዚህ ነው የምናቆመው። እውነት ነው። ግን ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ፣ ለእያንዳንዱ በቢትኮይን 300 ዶላር ሲጠይቅ፣ በእንግሊዝ አገር የሐኪም ቤት ቀጠሮ እስኪሰረዝ ድረስ ደርሶ ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነውን እድሳት ማይክሮሶፍት ያወጣው መጋቢት 5 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ያደሰ ዳነ፣ ያላደሰ ተቆለፈ። ዋይፋይ ያለው ጎረቤት ካለ በወር አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ይዞ መሄድ ነውር የለውም፤ ቡናም ይጠጣል።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንመለስ። የእድሩ ኮምፒውተር እንዲህ ቢቆለፍ፣ በማግስቱ ለቅሶ ቢደርስ፣ ባሏ የሞተባት እናት ሃያ ዓመት መክፈሏን በምን እናረጋግጣለን? ስለዚህ ኮሚቴው የወሰነውን እናሳውቃችሁ። የወረቀቱ መዝገብ አይቀርም፣ በየወሩ ይጻፋል። የኮምፒውተሩ መዝገብ በውጭ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ ዲስኩም እንደ ተሰካ አይተውም፣ የተሰካ ዲስክ አብሮ ይቆለፋልና፤ ተነቅሎ ገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጣል። የአባል ፍላሽ በእድሩ ኮምፒውተር ላይ አይሰካም፤ የኮሚቴ አባልም ቢሆን። ይህን ስንል አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደምትሰኙ እናውቃለን። የቤታችሁን ፍላሽ ማስመርመር የምትፈልጉ ግን በየወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከመዋጮ ሰዓት በኋላ፣ ሁለት ልጆች ለዚሁ በተለየው አሮጌ ኮምፒውተር እየመረመሩ ይሰጧችኋል፤ ስማችሁን ጸሐፊው ዘንድ አስመዝግቡ።